የሐጂ ሙሐመድሳኒ ምላጭ

ከጅማ ወደ ደዶ የሚወጣው ሚኒባስ ጎማው የፈነዳው ዳገቱን ሊጨርስ ትንሽ ሲቀረው ነው። ሾፌሩ ትርፍ ጎማውን አውርዶ ቢያየው እሱም ከፈነዳው የማይሻል ሆነ። ከደዶ ሌላ ጎማ እስኪመጣ ተሳፋሪው እየወረደ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተበተነ። ሐጂ ሙሐመድሳኒ ከሰዉ ራቅ ብለው፣ ቡና ከተሰጣበት የማድረቂያ አልጋ ወዲያ፣ አንድ ዋንዛ ሥር ተቀመጡ። ብቻቸውን መሆን ነበር የፈለጉት። ግን በእኛ አገር ብቻውን የተቀመጠ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ኋላ ወንበር ላይ የነበረው ጎረቤታቸው መምህር ኤርሲዶ አያቸውና መጣ።

«ሐጂ፣ እርስዎ ነዎት? አካም ጅርቱ?»

«ፈያ፣ አልሐምዱሊላህ። አንተስ ወዴት ነህ?»

«የሥራ ባልደረባዬ እናቱ አርፈውበት ለቅሶ ልደርስ ነው። እርስዎስ?»

«እንዲያው... ዘመድ ልጠይቅ።»

ሐጂ ውሸት አይሆንላቸውም፤ ሲዋሹ ጢማቸውን ይይዛሉ። አሁንም ያዙት።

ሁለቱ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ውስጥ አንድ አጥር የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ኤርሲዶ ከሐዲያ አገር መጥቶ ጅማ የከረመ የባዮሎጂ መምህር ነው። ደግ ሰው ነው፤ ጥፋቱ አንድ ነገር ሲያስረዳ ሁልጊዜ ክፍል ውስጥ ያለ የሚመስለው መሆኑ ነው። ሐጂ ሄርማታ ገበያ ላይ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ስማቸው የሚጠራው ግን በጨርቁ ሳይሆን ከአባታቸው በወረሱት ተጣጣፊ ምላጭ ነው። በዘመዱ ቤት ልጅ ሲወለድ፣ በሰባተኛው ቀን በግ ታርዶ ስም ሲወጣ፣ የሕፃኑን ፀጉር የሚላጩት እሳቸው ናቸው። ወገቡን የያዘው ወይም ራሱን የሚፈልጠው ጎረቤት ሲመጣም በዚያው ምላጭ ጀርባውን በጣ በጣ አድርገው በዋግምት ያግሙታል። ዋጋ አይቀበሉም፤ ምርቃት ይበቃቸዋል።

ኤርሲዶ የውሃ ኮዳውን ከፍቶ ዘረጋላቸው። ሐጂ ከኮሮጇቸው አንዲት የፕላስቲክ ኩባያ አወጡና «ከላይ አንቆርቁርልኝ፤ አታስነካው» አሉት።

መምህሩ አንቆረቆረ። ዝም ማለት ግን አልሆነለትም።

«ሐጂ፣ ይህን ነገር ባለቤትዎ ሐጂራ ለባለቤቴ ለልያ ነግራታለች። ‹ሰውዬው ከትሪዬ ተነስቷል፤ ለብቻው ሰሃን፣ ለብቻው ስኒ ይዟል፤ በስተርጅና ሌላ ሊያገባብኝ ነው መሰለኝ› እያለች፣ ትሳቅ ታልቅስ አልታወቀም።»

«ምነው ማግባት በሆነ» አሉ ሐጂ። አልሳቁም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ሐጂ ይህን ተረት ለስንቱ ሰው ተርተውታል፤ ለራሳቸው ሲሆን ግን ጠፋባቸው። ሦስት ቀን ሙሉ የሚጎርሱት እህል አልወርድ ብሏቸው፣ ሌሊት ሌላ መደብ ላይ እየተገላበጡ፣ ለሚስታቸውም ለልጃቸውም አልተነፈሱም። አሁን ግን ሰውየው ጎረቤት ነው፤ መንገዱም ገና ነው።

«መምህር፣ በምታመልከው ይዤሃለሁ፤ ከዚህ ዛፍ ሥር እንዳይወጣ።»

«አይወጣም።»

«ልጄ ሲሃም ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት አልነበር? ዘመድ ደም ይስጥ ተባለና ሰጠን። ኋላ እኔን ለብቻዬ ጠሩኝ። አንዲት ልጅ እግር ሐኪም አስቀምጣኝ ‹አባቴ፣ ደምዎ ውስጥ የጉበት ቫይረስ ተገኝቷል፤ ሄፓታይተስ ቢ ይባላል፤ አብሮዎት የቆየ ይመስላል፤ ከደም ጨርሶ የሚያጠፋው መድኃኒት ገና አልተገኘም› አለችኝ። ሌላም ብዙ ተናገረች። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም። ተነስቼ ወጣሁ።»

«ቀጠሮ አልሰጠችዎትም?»

«ሰጥታኛለች። ማጥፊያ ለሌለው ነገር ቀጠሮ ምን ያደርጋል?»

ሐኪሟ ከዚያ ወዲያ የተናገረችው ነበር ዋናው። ሰው በድንጋጤ ጊዜ ጆሮው የሚይዝለት የመጀመሪያውን ክፉ ቃል ብቻ ነው፤ ለዚህ ሐጂን መውቀስ አይገባም።

«ታዲያ ደዶ ያለው ዘመድዎ...»

«ዘመድ አይደለም። የወፍ በሽታ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ነው። ቅጠል ያጠጣል፤ ክንድም በጋለ ብረት ይተኩሳል። ነገ ወዲያ የሲሃም ልጅ ሰባት ቀኑ ነው። ከዚያ በፊት ደሜ ጠርቶ ልገኝ ብዬ ነው። ይህን ደም ይዤ ሕፃኑን እንዴት እነካዋለሁ?»

«ሊላጩት ነው?»

«ታዲያ ማን ይላጨው? እጄን ብሰበስብ ሰው ‹ሐጂ ምን ሆነ› ማለቱ ይቀራል? እኔ እንደሆንኩ አፌን በሻርፕ እሸፍናለሁ። ትንፋሼ አያገኘውም። አልስመውምም።»

ሕፃኑ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ነው።

ኤርሲዶ «ሐጂ፣ ስኒውን ለይተዋል። ምላጩንስ?» ሲል ጠየቃቸው።

«ምላጩን ምን አገኘው? ብረት እኮ ነው። በሎሚ አጥበዋለሁ፣ ቆዳ ላይ እስለዋለሁ። ብረት በሽታ አይዝም።»

«እርስዎም የሚላጩት በእሱ ነው?»

«ኤዬ። እኔም፣ ልጄ ፋሂምም።»

«ቆርጦዎት ያውቃል?»

«የማይቆርጥ ምላጭ አለ እንዴ? ትንሽ ደም ቢነካው እጠርገዋለሁ።»

«እንግዲያው ቢከብድዎትም ይስሙኝ። ይህ ቫይረስ በስኒ አይሄድም። በትሪ፣ በእጅ ሰላምታ፣ በትንፋሽ፣ የሕፃን ጉንጭ በመሳም አይሄድም። የሚሄደው በደም ነው። እናት ስትወልድ ወደ ልጇ፣ ከባል ወደ ሚስት ከሚስትም ወደ ባል፣ ደግሞም ደም በነካው ስለት። ዓይን የማያየው ጠብታ ምላጩ መታጠፊያ ውስጥ ደርቆ ሳምንት ድረስ ሊቆይ ይችላል። ሎሚ አይገድለውም። እርስዎ ምንም የማያደርገውን ስኒ ለየብቻ አድርገው፣ የሚያደርገውን ምላጭ የሁላችሁ አድርገውታል።»

ሐጂ ተቆጡ። «አባቴ በዚህ ምላጭ አገር ላጭቷል። እኔን ራሴን በሰባተኛ ቀኔ የላጨኝ በዚሁ ነው። ምን ሆንኩ?» አሉ። ምን እንደሆኑ ግን ከሦስት ቀን በፊት ተነግሯቸዋል።

«አባትዎ ያረፉት በምን ነበር?» አለ ኤርሲዶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሆዱ ተነፍቶ። ዓይኑ ብርቱካን መስሎ። ሰው መተት ነው አለ፤ እኛም መተት ነው አልን።»

«ትልቅ ሰው ሲይዘው ብዙ ጊዜ ሰውነቱ ታግሎ ያስወጣዋል። ጨቅላ ሕፃን ግን መታገል አይችልም፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። ሃያ ሠላሳ ዓመት ሳይነካው ይቆይና፣ ገና ሠርቼ እበላለሁ በሚልበት ጊዜ የአንዳንዱን ጉበት ይበላዋል። የሲሃም ልጅ ገና አልተከተበም። ነገ ወዲያ ሲላጭ ምንም መከላከያ የለውም።»

«ሠላሳ ዓመት» አሉ ሐጂ። «ቲጃኒ።»

ቲጃኒ የአጎታቸው ልጅ የአብዱልሰመድ የበኩር ልጅ ነበር። ቡና ከየወረዳው በአይሱዙ እያመላለሰ አባቱን ያስከበረ ጎልማሳ ነበር። ባለፈው ዓመት ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ እግሩ ቀጥኖ ሞተ። ኤርሲዶም ቀብሩ ላይ ነበር።

«የላጨሁት እኔ ነኝ። በሰባተኛ ቀኑ፣ በዚህ እጄ።»

«ሐጂ፣ በምላጩ ነው ብሎ መማል አይቻልም። ከእናቱም ሊሆን ይችላል። አሁን ማንም አያውቀውም።»

«ልታጽናናኝ ነው።»

«አይደለም። የማላውቀውን አላውቅም ነው የምልዎት። ሲታመምስ የት ታከመ?»

እዚህ ላይ ሐጂ ጢማቸውን አልያዙም። «እዚሁ ደዶ። አሁን የምሄድበት ሰው ዘንድ። አባቱ ሐኪም ቤት ልውሰደው ሲል፣ የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም ብዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቅጠሉን ጠጣ፤ ክንዱ ተተኮሰ። ከዚያ ወር አልቆየም። ዘግይቶ ስለመጣ ነው አልን።»

ከታች የሚወጣ የጭነት መኪና አቧራ አልብሷቸው አለፈ። መምህሩ ይህን ጊዜ በትምህርት ፋንታ ውሃ ጨመረላቸው። ይህም ከእሱ የማይጠበቅ ነው።

ሐጂ ውሃውን ጠጥተው ኩባያውን አስቀመጡ። «እንግዲህ ቀደር ነው። የተጻፈ ነው። ምን ይደረጋል?»

«እኔ ስለ እርስዎ ሃይማኖት እርስዎን ለማስተማር አልደፍርም። ያለፈው ተጽፏል ይበሉ። የነገ ወዲያውን ግን አላህ እጅዎ ውስጥ አድርጎ አሳይቶዎታል። አላውቅም ነበር የሚሉት እስከ ዛሬ ነው።»

ይህች ቃል ገባቻቸው። ቢሆንም ሽማግሌ በአንድ ቃል አይረታም።

«እሺ፣ ምላጩን ተውኩ። ሐኪም ቤት ግን ምን አደርጋለሁ? አይጠፋም ብላኛለች።»

«አይጠፋም ማለት አይያዝም ማለት አይደለም። ደም ብዛትም ስኳርም አይጠፋም፤ ሐጂራ ከደም ብዛቷ ጋር ስንት ዘመኗ ነው? እዚያ ሲሄዱ ጉበትዎ ተጎድቶ እንደሆነ፣ ቫይረሱም ምን ያህል እንደሆነ ያያሉ። ካልጎዳዎት በየስድስት ወሩ እየታዩ ይኖራሉ። መጉዳት ከጀመረ በቀን አንድ ኪኒን አለ፤ ቫይረሱን ያስተኛዋል። ቤተሰብዎ ይመረመራል። ነፃ የሆነው ይከተባል፤ ከተከተበ በኋላ አይፈራዎትም። ከዚህ ሌላ ጉበትዎን ቅጠል አያጠጡት። የደከመ አህያ ላይ ጭነት አይጨመርም።»

«ከመጽሐፍ ነው የምትነግረኝ።»

«ከቤቴ ነው የምነግርዎት። ልያ አለባት።»

ሐጂ ቀና ብለው አዩት። «የቷ ልያ?»

«የእኔዋ። ልጃችንን ጵርስቅላን ስታረግዝ ተገኘባት። ለሚጨነቅ ሰው ንገር ብላ ፈቅዳልኛለች። ኪኒኗን በየቀኑ ትውጣለች። ጵርስቅላ እንደተወለደች ተከተበች፤ ነፃ ናት። እኔም ተከትቤያለሁ። እርስዎ በየጾም ፍቺው የሚያመሰግኑት ሽሮ በእሷ እጅ የተሠራ ነው። ከዚያች ትሪ ስንት ዓመት በላን?»

ሐጂ ልያን ጠዋት ጠዋት የእንሰት ቆጮ ተሸክማ ወደ ገበያ ስትወርድ ያይዋታል፤ ከእሳቸው ትፈጥናለች።

«ሰው ሲያውቅ ምን አላት?»

«ይህን አልዋሽዎትም። አንዳንዱ ደንበኛ ቀረ። አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ልጇን ከልያ ጉልበት ላይ አነሳች። ልያ ያን ቀን አልቅሳለች። እርስዎም ዘንድ ይህ ይመጣል። ኤድስ ነው የሚልም አይጠፋም። ግን ሐጂ፣ ካልተናገሩ ደግሞ ሌላው ይመጣል። የትኛውን ይችሉታል?»

ጎማው መጥቶ ተገጥሞ ነበር። ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ ተሳፋሪው ተሯሯጠ። ሐጂ ሙሐመድሳኒ ግን ተነስተው ልብሳቸውን አራገፉና መንገዱን ተሻግረው ወደ ጅማ የሚወርድ መኪና በሚቆምበት በኩል ቆሙ። ኤርሲዶም ተከተላቸው።

«ለቅሶህስ?» አሉት።

«ነገ እደርሳለሁ። ዛሬ ከእርስዎ ጋር ልውረድ።»

ያን ዕለት ማታ ለሐጂራ ነገሯት። ሐጂራ መጀመሪያ ሌላ ሴት አለመኖሯን ሰምታ አላህን አመሰገነች፤ ቀጥሎ ነገሩ ሲገባት ተቀምጣ አለቀሰች። በማግስቱ ልያ ራሷ ባልና ሚስቱንና ልጃቸውን ፋሂምን አስከትላ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ሐጂራ ነፃ ሆነች። ሲሃምም በእርግዝናዋ ጊዜ ተመርምራ ነፃ እንደነበረች ታወቀ። ፋሂም ግን አለበት። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ውጤቱን እንደሰማ ከአባቱ ቀድሞ በሩን ወጣና ግቢው ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ሐጂ ሊይዙት እጃቸውን ዘረጉና መልሰው አጠፉት።

የሕፃኑ ሰባት ቀን ቤቱ በዘመድ ሞላ። በጉ ታረደ፤ ስሙም ወጣ። ከዚያ ሰዉ እንደ ልማዱ ለሐጂ ቦታ ለቀቀላቸው። እሳቸው ባዶ እጃቸውን መጥተው ከሕፃኑ ራቅ ብለው ቆሙ። የተናገሩትን ሁሉ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ ከዛፉ ሥር የሰሙትን ነው የደገሙት። ደማቸው ውስጥ ምን እንዳለ ተናገሩ፤ ስኒ ምንም እንደማያደርግ፣ ምላጭ ግን እንደሚያደርግ ተናገሩ። መጨረሻ ላይ እንዲህ አሉ፤

«ልጁን አባቱ አብዱልሃዲ ይላጨው፤ አዲስ ምላጭ ከነወረቀቱ ተገዝቷል። ከእናንተ መካከል ጀርባውን የበጣሁት፣ ልጁን የላጨሁለት ሁሉ ሐኪም ቤት ሄዶ ይመርመር። እኔ በጎ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። አፉ በሉኝ፤ ይቅር በሉኝ።»

አንዲት ሴት የራሷን ልጅ ወደ ደረቷ ሳበች። አብዱልሰመድ ከግድግዳው ሥር ተነሳ።

«ቲጃኒንም ያን ጊዜ የላጨኸው በዚያው ነው?»

«በዚያው ነው።»

«ከዚያ ነው የያዘው?»

«አላሁ አዕለም። ከዚያ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ወደ ደዶ የወሰድኩት ግን እኔ ነኝ። ያ አያጠራጥርም።»

አብዱልሰመድ ጫማውን አጥልቆ ወጣ። የቀረበለት ምግብ እንደተከደነ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ መልካም ነበር ብል ዋሸሁ። ሐጂ ሱቅ የሚመጣው ሰው ሳሳ። መስጊድ ውስጥ ጎናቸው የሚሰግድ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ክፍተት ይተው ነበር። ፋሂም ከአባቱ ጋር መነጋገር የጀመረው ክረምት ሲገባ ነው። ነገር ግን ዘመዱ እያፈረም ቢሆን አንድ በአንድ ሐኪም ቤት ሄደ። ነፃ የሆኑት ክትባታቸውን ጀመሩ፤ ያለባቸው ቀጠሮ ያዙ። በዚያ ሰፈር ለዋግምትም ለፀጉርም አንድ ምላጭ ለአንድ ሰው ሆነ፤ ከጥቂት ብር የማይበልጥ ነገር ስንት ሰው እንደሚያተርፍ ያን ጊዜ ታየ። ሐጂራም ባሏን ወደ ትሪዋ መለሰቻቸው። የሲሃም ልጅ ክትባቱን በየጊዜው ወሰደ፤ አያቱም አሁን ጉንጩን ይስሙታል። እውቀት የሞተን አያስነሳም፤ የተወለደን ግን ይጠብቃል።

አብዱልሰመድ ግን ለብዙ ጊዜ አልታየም። አንድ ጠዋት የሐጂ ሱቅ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ሰላምታ አልሰጠም።

«የቲጃኒን ታናናሾች ላስመረምር ነው። ተነስ፤ አብረኸኝ ትሄዳለህ። ለሐኪሙ የምትናገረው አንተ ነህ፤ እኔ አፌ አይችልም።»

ሐጂ ሱቁን ዘግተው ወጡ። ከሁለቱ ልጆች ታናሽየዋ ነፃ ሆነች። በታላቁ ላይ ግን ተገኘ፤ ቫይረሱም ጉበቱን መንካት ጀምሮ ነበር። ሐኪሙ ኪኒን አዘዘለት፤ በጊዜ መጥታችኋል፣ ይህን ሳያቋርጥ በየቀኑ ከወሰደ ሠርቶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ይኖራል አለ።

አብዱልሰመድ ብልቃጡን ተቀብሎ በመዳፉ ይዞ አገላበጠው። ከዚያም ሕፃኑ ከተላጨበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐጂን ዓይን ለዓይን አየ።

«ይህ ነገር አምና ነበረ?»

«ነበረ» አሉ ሐጂ።

አብዱልሰመድ ብልቃጡን ለልጁ ሰጠውና ይዞት ወጣ።